ቴሌቪዥንን በብሎኬት ግድግዳ ላይ መስቀል፦ በአነስተኛ የኮንዶሚኒየም ቤት የክብደት፣ የሽቦና የሙቀት ጥያቄዎች

መግቢያ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን በ1957 ዓ.ም. ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቴሌቪዥን ማለት ጥልቀት ያለው ከባድ ሣጥን ነበር። የከተማው ቡፌም መካከሉ ሰፋ ብሎ የተሠራው ይህን ሣጥን ለመሸከም ነው። ዛሬ ስክሪኑ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት ይሠራል፤ ቡፌው ግን በብዙ ቤት እንደ ቀድሞው ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ በተገነቡት የኮንዶሚኒየም ቤቶች፣ በተለይም በስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ቤቶች፣ ሳሎኑ የመመገቢያ፣ የቡና ማፍያ፣ አንዳንዴም የመኝታ ስፍራ ነው። ወርዱ 3 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቡፌ ከወርዱ 15 በመቶውን ይወስዳል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ መስቀልና ሪሲቨሩን ከነገመዱ መሰወር ከውበት ባሻገር የቦታ ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ ሥራው የሚያስነሣቸውን ሦስት ጥያቄዎች ይመረምራል፤ እነርሱም ግድግዳው ምን ያህል ይሸከማል፣ ሽቦው በየት ያልፋል፣ የተሰወረው መሣሪያ ሙቀቱን ወዴት ያስወጣል የሚሉት ናቸው።

የግድግዳው ጠባይ

በእነዚህ ሕንጻዎች የፎቁን ክብደት የሚሸከሙት የአርማታ ምሰሶዎችና አግዳሚዎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ የሚሠራው ውስጡ ክፍት ከሆነ የሲሚንቶ ብሎኬት ሲሆን፣ የተለመዱት ውፍረቶች 10፣ 15 እና 20 ሴንቲ ሜትር ናቸው። የብሎኬቱ የፊት ገጽ ውፍረት ብዙውን ጊዜ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከበላዩ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ልስን ይኖራል። ስለሆነም 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ልስኑንና የፊት ገጹን አልፎ ባዶው ክፍል ውስጥ ይገባል። በመብሻው ጊዜ ትራፓኖው በድንገት ያለ ተቃውሞ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ የሚሰማው ይኸው ባዶነት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ተራው የፕላስቲክ ፊሸር የሚይዘው ሲሰፋ የሚገፋው ጠጣር ነገር በዙሪያው ሲኖር ነው። በብሎኬት ውስጥ ጫፉ ባዶ ቦታ ላይ ይሰፋል፤ የሚይዘውም በቀጭኑ ገጽ ላይ ብቻ ይሆናል። እየሰፋ የሚይዘው የብረት ቡሎን ደግሞ በኃይል ሲጠብቅ ገጹን ሊሰነጥቀው ይችላል። ልስኑም ቢሆን እንደ ተሸካሚ አይቆጠርም።

ክብደትና ርቀት

ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት የቴሌቪዥኑን ክብደት ነው። ይሁን እንጂ ወሳኙ ክብደቱ ከግድግዳው ያለው ርቀት ነው። ማንጠልጠያውን ጨምሮ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቴሌቪዥን በ98 ኒውተን ኃይል ወደ ታች ይጎትታል። የክብደቱ ማዕከል ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ የመገልበጥ ጉልበቱ 4.9 ኒውተን ሜትር ነው። የላይኞቹ ቡሎኖች ከማንጠልጠያው የታችኛው ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢሉ፣ እነርሱን ከግድግዳው ለመንቀል የሚሠራው ኃይል 24.5 ኒውተን ይሆናል። ይኸው ቴሌቪዥን በሚታጠፍ ክንድ 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲሳብ ግን የመንቀያው ኃይል 196 ኒውተን ይደርሳል። ክብደቱ ሳይለወጥ ጫናው ስምንት እጥፍ አደገ ማለት ነው። ልጅ ክንዱን ቢጎትት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

በመሆኑም ለብሎኬት ግድግዳ ጠፍጣፋው ማንጠልጠያ ከሚታጠፈው ክንድ ይመረጣል። አያያዙን በተመለከተ አራት መንገዶች አሉ። አንደኛው ባዶው ክፍል ውስጥ ገብቶ ክንፉን የሚዘረጋ ቡሎን ነው። ሁለተኛው በወንፊት ቱቦ ውስጥ የሚጨመር ኬሚካላዊ ማጣበቂያ ሲሆን፣ ሦስተኛው የብሎኬቱን ባዶ ክፍል በሲሚንቶ ሞልቶ ከደረቀ በኋላ መብሳት ነው። አራተኛው ጠንካራ ጣውላ በብዙ ቡሎኖች አስሮ ማንጠልጠያውን በእርሱ ላይ መትከል ነው፤ ይህም ጫናውን በሰፊ ቦታ ያከፋፍላል። በሁሉም ዘንድ የትራፓኖው የመዶሻ ምት ጠፍቶ በሽክርክሪት ብቻ መብሳት የብሎኬቱን ገጽ ከመፈርከስ ያድነዋል።

ቡፌ ላይ ተደግፎ የቆመ ቴሌቪዥን ሕፃን ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ግድግዳ ላይ መስቀል ደኅንነትን እንደሚጨምር ይታመናል። ይህ እውነት የሚሆነው አያያዙ አስተማማኝ ሲሆን ብቻ ነው። አለበለዚያ አደጋውን ወደ ላይ ከፍ ከማድረግ አያልፍም።

መጠንና ከፍታ

ስክሪኑ በ30 ዲግሪ የእይታ ማዕዘን እንዲታይ ከተፈለገ የተመልካቹ ርቀት የስክሪኑን ሰያፍ 1.6 ጊዜ ያህል ነው። ለ43 ኢንች 1.8 ሜትር፣ ለ50 ኢንች ደግሞ 2.1 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከ3 ሜትር ወርድ ላይ የሶፋው 90 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ የሚቀረው 2 ሜትር ያህል ስለሆነ ከዚህ የበለጠ መጠን ለእይታ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። የስክሪኑ መካከል ተቀምጦ ከሚያይ ሰው ዓይን ጋር ቢስተካከል አንገት አይደክምም፤ ወደ ጣሪያ አስጠግቶ መስቀል ይህን ያጓድላል።

ሽቦና ሙቀት

ገመዱን ለመደበቅ ግድግዳውን በአግድም መፈልፈል በ10 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ላይ ቀጭኑን ገጽ ቆርጦ ያዳክመዋል። ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚመጣው የኤሌክትሪክ ገመድም በልስን ውስጥ እንዲቀበር የተሠራ አይደለም። የተሻለው መንገድ በልስኑ ላይ የሚለጠፍና ግድግዳውን መስሎ የሚቀባ የፕላስቲክ የሽቦ ቦይ ነው፤ ወይም ባለሙያ ከስክሪኑ ኋላ ቋሚ ሶኬት እንዲያወጣ ማድረግ ነው። የተቀበሩ ሽቦዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሶኬትና ከማብሪያ ቀጥ ብለው ስለሚወጡ ከእነዚህ በላይና በታች መብሳት 220 ቮልት ካለው ሽቦ ጋር ያገናኛል።

ሪሲቨሩን፣ ስታቢላይዘሩንና ዲቫይደሩን ዝግ ሣጥን ውስጥ ማስገባት የሙቀት ጥያቄ ያስነሣል። ወርዱ 50፣ ቁመቱ 40፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጀርባው ግድግዳውን የነካ የቺፕውድ ሣጥን ውስጥ 20 ዋት ቢጠፋ፣ በግምታዊ ስሌት ውስጡ ከክፍሉ በ14 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። በመሣሪያዎቹ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ የታወቀ የምህንድስና መመሪያ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሣጥን መሣሪያውን ከዓይን ቢሰውረውም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ቀዝቃዛ አየር እንዲገባ ከታች፣ ሞቃቱ እንዲወጣ ከላይ ቀዳዳ ማበጀት። በሩ በእንጨት ፋንታ በሳሳ ጨርቅ ወይም በቀርከሃ ፍርግርግ ቢሠራ አየሩም የሪሞቱ ጨረርም ያልፋል፤ የሪሞት ጨረር በእንጨት ውስጥ ስለማያልፍ ይህ ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይፈታል።

ማጠቃለያ

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሁለት ቤት ግድግዳ ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ላይ በጥልቅ የተበሳ ቀዳዳ ከጎረቤት ልስን ጀርባ ሊደርስ ይችላል፤ ለተከራይ ደግሞ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከአከራዩ ጋር የሚነጋገርበት ጉዳይ ነው። መብሳት ለማይፈቀድለት ሰው ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነና ስክሪኑ በማሰሪያ የታሰረበት ቀጭን መደርደሪያ የቦታውን ትርፍ በአብዛኛው ያስገኝለታል። መብሳት ለሚችል ደግሞ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ አስቀድሞ የግድግዳውን ዓይነት ማወቅ፣ ቀጥሎ ርቀቱን ማሳጠር፣ ከዚያም ለሽቦውና ለሙቀቱ መንገድ መስጠት። የማንጠልጠያው ምርጫ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።