ተጨማሪ መረጃ፦ ኬሚካሉ ከመመረቱ በፊት
ፉሪ ግንባታ የማያባራበት ሰፈር ነው፤ በየመንገዱ ዳር ካሉት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮችም የቀለም ጣሳ አይጠፋም። ለቀለም ደማቅ ቢጫነት ከሚሰጡት ውሁዶች አንዱ ሊድ ክሮሜት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሊድ የሕፃናትን የአንጎል እድገት ይጎዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ይህ እንግዲህ ጉዳቱ ከታወቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጣ ሕግ ነው።

ገና ሳይመረት የሚጠይቅ ሕግም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1976ቱ ሕግ፣ አዲስ ኬሚካል ሊያመርት ወይም ሊያስመጣ ያሰበ ድርጅት ቢያንስ ከ90 ቀን በፊት ለመንግሥት እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ቅጹ የሞለኪውሉን መዋቅር፣ የምርቱን መጠን፣ የሚውልበትን አገልግሎት፣ ሠራተኛው ለኬሚካሉ ምን ያህል እንደሚጋለጥና ተረፈ ምርቱ እንዴት እንደሚወገድ ይጠይቃል። የሚገርመው፣ አመልካቹ በእጁ ያለውን መረጃ ያቅርብ እንጂ አዲስ የመርዛማነት ምርመራ አስቀድሞ አካሂድ አይባልም! የአውሮፓ ኅብረት ጠበቅ ያደርገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ላይ በዋለው ሕጉ መሠረት አንድን ኬሚካል በዓመት 1 ቶን እና ከዚያ በላይ የሚያመርት ወይም የሚያስመጣ ሁሉ በመረጃ አስደግፎ ካላስመዘገበ ገበያ አይገባም።

በእኛ አገር ለዚህ አሠራር የሚቀርበው የፀረ-ተባይ ምዝገባ ነው። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ፍቱንነቱ፣ ደኅንነቱና ጥራቱ ተፈትሾ ያልተረጋገጠ ፀረ-ተባይ አይመዘገብም።