የዩኒቨርሲቲው ስም ወይስ የተመራቂው እጅ?

የግብርና ተመራቂ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ቶሎ የሚሰማው ጥያቄ «ከየት ተመረቅክ?» የሚል ነው። ሐሮማያ ብሎ ሲመልስ የጠያቂው ፊት ይፈታል። ብዙም ስሙ ያልተሰማ ዩኒቨርሲቲ የጠራ እንደሆነ ግን ማስረጃው ከክምሩ ሥር ሊገባ ይችላል። ይህ አመራረጥ ለእርሻው ይበጃል ወይ?

ስሙ በከንቱ አልመጣም። የዛሬው ሐሮማያ፣ የያኔው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኦክላሆማው የእርሻ ተቋም እገዛ ሲቋቋም ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን አጣምሮ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ምርምራቸው የታወቁትና እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙት እዚያ ነው። ስሙን ያስገኘው ማሳ ነው ማለት ይቻላል። ቀጣሪው ግን የሚያየው ስሙን እንጂ የዛሬው አመልካች ስንት ቀን ማሳ ላይ እንደዋለ አይደለም። በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ተማሪ ሲበዛ የሠርቶ ማሳያው መሬት አብሮ አይሰፋም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። የታወቀውንም ያልታወቀውንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ ደግ ነው። ነገር ግን በኮምፒዩተር የሚሰጥ ፈተና እጅን አይፈትንም።

እጅ የሚፈተነው እንዲህ ነው። ቢጫ የሆነ የስንዴ ቅጠል ለአመልካቹ ይሰጠው። ቅጠሉን በጣቱ አሽቶ ቢጫ ዱቄት ቢያገኝ ቢጫ ዋግ መሆኑን ይናገራል። ዱቄት ከሌለና ቢጫነቱ ከታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ጫፍ ከጀመረ ሰብሉ ናይትሮጅን ተርቦ ሊሆን እንደሚችል ይጠረጥራል። ሁለቱን ያምታታ ባለሙያ ማዳበሪያ ለሚያሻው ማሳ ፀረ ዋግ ያስረጫል፤ ወይም ዋግ ለያዘው ማሳ ዩሪያ ያዛል፤ በሽታውም በዚያ መሐል ይዛመታል። ገንዘቡም ምርቱም የአርሶ አደሩ ነው፤ አማካሪው ከየት እንደተመረቀ እርሱን አይክሰውም።

በስም መምረጥ ሌላም ያሳጣል። የአዊን አሲዳማ አፈር እያየ ያደገ፣ እዚያው አካባቢ የተማረ ልጅ፣ ኖራ መቼና እንዴት እንደሚበተን ከቤተሰቡ ማሳ ያውቀው ይሆናል። ለዚያ አካባቢ የሚቀጥር ድርጅት እርሱን ሳያይ ቢያልፈው ጉዳቱ የድርጅቱ ነው።

ተመራቂውም ማመልከቻው ላይ ከዲግሪው ሥር የሠራውን ይጻፍ፦ በየትኛው ወቅት፣ በየትኛው ሰብል፣ ምን እንዳደረገ። ቀጣሪውም ግማሽ ቀን ማሳ ላይ ያውለው። ብዙዎቹ ተመራቂዎች ሥራ ፍለጋ የሚወጡት በክረምት ነው፤ የመኸሩ ስንዴም ያኔ ቅጠል ላይ ነው።