ለአይጡ መቃብር አበባ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ያስለቅሳል ቢባል ማን ያምናል? እኔም አላምንም ነበር። ለትምህርት ከአገር በወጣሁበት ዓመት አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ለእንግሊዝኛህ ይረዳሃል» ብሎ አንድ መጽሐፍ አዋሰኝ። በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

መጽሐፉ የአሜሪካዊው ዳንኤል ኪይስ «አበባ ለአልጀርነን» ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በአጭር ልብ ወለድነት ወጣ፤ በ1966 ደራሲው አስፋፍቶ ረጅም ልብ ወለድ አደረገው። በ1968 «ቻርሊ» ተብሎ ፊልም ሲሠራበት መሪ ተዋናዩ ክሊፍ ሮበርትሰን ኦስካር ተሸለመ።

የጠፈር መርከብ የለበትም። ቻርሊ ጎርደን የተባለ፣ አእምሮው የዘገየ የዳቦ ቤት ሠራተኛ አለ። አልጀርነን የተባለ ነጭ አይጥም አለ። በአይጡ ላይ ተሞክሮ የተሳካው ቀዶ ሕክምና ለቻርሊም ይደረግለታል። ታሪኩን የምናነበው ቻርሊ ራሱ በሚጽፈው ማስታወሻ ነው። መጀመሪያ ፊደሉ የተንጋደደ፣ ነጥብ የሌለው ነው። ቀስ በቀስ ይቃናል። በኋላማ ሐኪሞቹን የሚያርም ሊቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ነው ወዳጆቼ የሚላቸው ሰዎች ይስቁ የነበረው በእርሱ ላይ መሆኑ የሚገባው። ከዚያ የአይጡ አእምሮ መድከም ይጀምራል። የቻርሊም ዕጣ ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ታሪክ ከሰው ልብ የማይወጣው ለምንድን ነው? ደራሲው «እዘኑለት» አይለንም። አንድ ቀን አንድ ፊደል ይጎድላል። ቀጥሎ ነጥቡ ይጠፋል። ገጹ ራሱ ይታመማል። ስሕተቱን እኛ እናያለን፤ ቻርሊ ማየቱን ያቆማል። አንድ የመጽሔት አዘጋጅ መጨረሻው አስደሳች እንዲሆን ኪይስን ጠይቆት ነበር። ኪይስ እምቢ አለ። ደግ አደረገ!

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሻንጣዬ ነው። በቅርቡ ስፈትሸው በአገር ቤት ጋዜጠኛ ሳለሁ የጻፍኩት አንድ ሐተታ ወጣ። ማንበብ ጀመርኩና «መናጆ» የሚል ቃል ላይ ቆምኩ። የጻፍኩት እኔ፣ ትርጉሙ የጠፋብኝም እኔ! አገር ቤት ታላቅ እህቴ ዘንድ ደወልኩ።

«እትዬ፣ መናጆ ምን ነበር?»

ሳቀች። ቀጥላ ዝም አለች። «አንተ፣ በአማርኛ አልነበር እንዴ እንጀራ የበላኸው?»

ቻርሊም የራሱን የምርምር ጽሑፍ አውጥቶ ሲያነብ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስለዋል። ያን ገጽ በተማሪነቴ ሳነብ ያዘንኩት ለቻርሊ ነበር። ዘንድሮ ግን ለራሴ ፈራሁ። ስደት አገር ብቻ የሚያስጥል ይመስለን ነበር። ለካስ ቃሉንም አንድ በአንድ፣ ድምፁን ሳያሰማ ይወስደዋል።

ለቻርሊ መድኃኒት አልተገኘለትም። የመጨረሻ ልመናው ለአልጀርነን መቃብር አበባ እንዲቀመጥለት ብቻ ነው። የእኛ ሕመም ግን ተስፋ አለው፤ ቢያንስ እየጻፍን፣ እየተራረምን እንቆያለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የጎደለ ፊደል ካያችሁ፣ ይሉኝታ ይዟችሁ አትለፉኝ። ንገሩኝ።

ቸር ይግጠመን።