ዊንዶውስ 95 እና የሚናፈቀው ግራጫ ገጽታ

ዊንዶውስ 95 የማይክሮሶፍት ኩባንያ ኦገስት 24 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ሥርዓተ ክወና ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከአገልግሎት ከወጣ ቆይቷል። ሆኖም ግራጫ መስኮቶቹንና በግራ በኩል ከታች ጥግ ላይ የተቀመጠውን ስታርት በተን ዛሬም የሚናፍቁ ብዙ ናቸው። በ2018 የተጀመረው ሰረኒቲ ኦኤስ የተባለ ሥርዓተ ክወና መልኩን ሆን ብሎ የወሰደው ከዚያ ዘመን ነው። ይህን ናፍቆት የወጣትነት ትዝታ ብቻ አድርጎ ማለፍ ስህተት ይሆናል።

የገጽታው ዘር ግንድ ከማይክሮሶፍት አይጀምርም። በማውስ የሚሠራው አልቶ የተባለ ኮምፒውተር በ1973 በካሊፎርኒያ የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ተሠራ፤ ዴስክቶፕና አይከን በ1981 በዜሮክስ ስታር ለገበያ ቀረቡ፤ አፕል ደግሞ በ1984 በማኪንቶሽ ለብዙኃን አደረሳቸው።

የዊንዶውስ 95 ሠሪዎች ሥራቸውን ተራ ሰዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው እያዩ ነበር ያሻሻሉት። ጀማሪዎች በቀድሞው ዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራም ከየት እንደሚከፈት ይጠፋባቸው ነበር፤ ደብል ክሊክ ያስቸግራቸዋል፤ አንዱ መስኮት በሌላው ሲሸፈን ደግሞ የተዘጋ ይመስላቸዋል። ለመጀመሪያው ችግር መልስ የሆነው ስታርት በተን ነው፤ አንዴ ሲጫኑት የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ያወጣል። ለመጨረሻው ደግሞ ታስክባር መጣ፤ የተከፈተ መስኮት ሁሉ ስሙ ከስር ተሰልፎ ይታያል።

የገጽታው ጥበብ ይበልጥ የሚገለጠው ግን በትንሹ ነገር፣ በበተኑ አሣሣል ነው። ብርሃን ከላይ ከግራ በኩል እንደሚመጣ ተቆጥሮ የበተኑ የላይና የግራ ጠርዝ በነጭ፣ የታችና የቀኝ ጠርዙ በጥቁርና በጥቁር ግራጫ መስመር ይሣላል። ዓይን ይህን ሲያይ ከስክሪኑ ወጣ ያለ ነገር ይመስለዋል። ሲጫኑት መስመሮቹ ቦታ ይለዋወጡና በተኑ ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል። ጽሑፍ የሚገባበት ሣጥን ጠልቆ ይታያል፤ ለጊዜው የማይሠራ በተን ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ በሜኑ ላይ ከአንዱ ፊደል ሥር የተሰመረው መስመር ያለ ማውስ በየትኛው ቁልፍ እንደሚከፈት ይነግራል። ቀለሙና የስክሪኑ ነጥቦች ውስን በነበሩበት ዘመን በጥቂት መስመሮች ይህን ያህል መናገር መቻሉ የሚደነቅ ነው። የሚጫነውና የማይጫነው፣ የሚነበበውና የሚጻፍበት በአንድ እይታ ይለያሉ።

ከዚያ በኋላ መልኩ ተለዋወጠ። በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ በሰማያዊና አረንጓዴ አሸበረቀ፤ በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ መስተዋት መሰለ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2010ዎቹ ነው። ዊንዶውስ 8 በ2012፣ የአይፎኑ አይኦኤስ 7 በ2013 ጥላውንና ጠርዙን አስወግደው ሁሉን ጠፍጣፋ አደረጉ። በቂ ምክንያት ነበራቸው፦ አንዱ ገጽታ ከስልክ እስከ ትልቅ ስክሪን መዘርጋት ነበረበት፤ በማውስ ፋንታ ጣት መጥቷል። የጠፋው ግን ቀላል አይደለም። በተን ከተራ ጽሑፍ አልለይ አለ፤ ገጹ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳየው የጎን ዘንግ እስኪነኩት ድረስ ተደበቀ፤ ሜኑውም ከሦስት አግድም መስመሮች ጀርባ ገባ። እነዚያ ሦስት መስመሮች ራሳቸው የድሮ ናቸው፤ ኖርም ኮክስ ለዜሮክስ ስታር የሣላቸው። ዊንዶውስ 8 ስታርት በተንን በማስወገዱ የተነሣው ቅሬታ በጣም ከመበርታቱ የተነሣ በተኑ በ2013፣ ሙሉ ሜኑው ደግሞ በ2015 በዊንዶውስ 10 ተመለሱ።

ናፍቆቱ የሚረሳው ነገርም አለ። በዊንዶውስ 95 አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን ሁሉ ሊያቆም ይችል ነበር፤ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ አብሮ ይጠፋል። ለአማርኛ ተጠቃሚ ደግሞ ችግሩ የባሰ ነበር፤ ሥርዓቱ የግዕዝን ፊደል አያውቅም። በዚያ ዘመን የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እያስቀመጡ ያሠሩ ነበር። በአንድ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ያው ፎንት በሌለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በ1999 የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ በሆነው ዩኒኮድ፣ በእትም 3.0 ውስጥ ገባ፤ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ አዲስ አበባ በስልክ የተጻፈ የአማርኛ መልእክት ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ባለ ስልክ ላይ ምንም ሳይጫን ይነበባል።