ለሊቁ እንጀራ የሰጠው ማን ነው?

ዛሬ ስለ ነገሥታትና ስለ ሊቃውንት እናወጋለን። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የከበዳችሁን ቃል ደግማችሁ አንብቡት።

አዲስ አበባ ውስጥ አራት ኪሎ የሚባል ሰፈር አለ። ከአደባባዩ በስተደቡብ የአፄ ምኒልክ ግቢ ይገኛል። በግቢው ውስጥ ትልቅ የግብር አዳራሽ አለ። በዚያ ዘመን ንጉሡ ግብር ሲያበሉ መኳንንቱም፣ ወታደሩም፣ ካህናቱም ይታደሙ ነበር። እንጀራው፣ ሥጋው፣ ጠጁ በሽ በሽ ነው። አዝማሪው ማሲንቆ ይመታል፤ ባለቅኔው ይቀኛል። ንጉሡን ደስ ያሰኘ ይሸለማል፤ ይሾማል። ያስቀየመ ግን ከፊት ይርቃል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የግቢው አንዱ ክፍል አንድነት ፓርክ ተብሎ ለጎብኚ ተከፍቷል።

በነገሥታት ዙሪያ ከነበሩት ሊቃውንት አንዱን ሳታውቋቸው አትቀሩም። አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያወራላቸው ቀልዳቸውን ነው። ነገር ግን አለቃ የፎገራ ተወላጅ፣ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። የተክሌ አቋቋም የሚባለውን የዝማሜ ስልት ያወጡት እሳቸው ናቸው ይባላል። ስሙም የልጃቸው የተክሌ ስም ነው። አለቃ የአፄ ቴዎድሮስንም የአፄ ምኒልክንም ዘመን አይተዋል። ንጉሥ አለፈ፤ ንጉሥ መጣ። ዝማሜው ግን እስከ ዛሬ አለ።

ይህ ልማድ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር አክበር የሚባል ንጉሥ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከ1548 እስከ 1598 ዓ.ም. ነገሠ። ታንሴን የሚባል ዘፋኝ፣ አቡል ፈዝል የሚባል ታሪክ ጸሐፊ፣ ቢርባል የሚባል ቀልድ አዋቂ በግቢው ነበሩ። ሕንዶች የቢርባልን ቀልድ፣ እኛ የአለቃን እንደምናወራ ያወራሉ። ይህ ሁሉ ሊቅ የከበበው አክበር ግን ራሱ ማንበብ አይችልም ነበር ይባላል። ብዙ መጻሕፍት ነበሩት፤ በሌላ ሰው አፍ እያስነበበ ይሰማ ነበር። እናንተ ዛሬ በራሳችሁ ዓይን ታነባላችሁ!

እንግዲህ የንጉሥ እንጀራ ጥሩ ነው? ጥሩም ነው፤ አደጋም አለው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን እንመልከት። ግጥም አዋቂና ዘፋኝ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ አፄ ምኒልክ የመኪና ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ላኳቸው። እዚያ ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከኢትዮጵያ ዘፈኖች መጀመሪያ በሸክላ ከተቀረጹት የእሳቸው ይገኙበታል። በልጅ ኢያሱ ጊዜ ተወደዱ፤ ከፍ ብለው ተሾሙ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። የነጋድራስ ተሰማም ሹመት አብሮ ወደቀ። በአንድ ሰው እጅ የተሰጠ በአንድ ሰው እጅ ይወሰዳል። ሸክላው ግን አልተሻረም። ከመቶ ዓመት በኋላ ዘፈኖቹ እንደገና ታትመው ተሰምተዋል።

አሁን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ሊቁ ንጉሥ ፊት ከመቅረቡ በፊት ማን አበላው?

መልሱን እናንተ ታውቁታላችሁ። ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆመው የቆሎ ተማሪ ነው ኋላ ሊቅ የሚሆነው። ንባቡን፣ ዳዊቱን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን እስኪጨርስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። በዚያ ሁሉ ዓመት ቁራሽ እንጀራ፣ እፍኝ ቆሎ የሰጠችው የገጠር እናት ናት። እህሉን ያረሰው ገበሬው ነው። የግቢው ግብርም ቢሆን ከገበሬው ጎተራ የወጣ ነበር። ታሪክ የንጉሡን ስም ጻፈ። የዚያችን እናት ስም ግን ማን ጻፈው? እሷ ፊደል አልነበራትም፤ ፊደል የቆጠረውም ሊቅ ስለ እሷ አልጻፈም።

ወደ አራት ኪሎ እንመለስ። በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። ማተሚያ ቤቱ አራት ኪሎ ነው። ይህም የመስፍን ስጦታ ነበር። ነገር ግን የታተመ መጽሐፍ እንደ ግብር አዳራሽ በር ጠባቂ የለውም። ማንበብ የሚችል ሁሉ ይገባበታል። መጽሐፍ የገዛ ገበሬም ለጸሐፊው እንጀራ ሰጠ ማለት ነው።

ወገኖቻችን! በመንደራችሁ ቅኔ የሚያውቁ፣ ተረት የሚያውቁ፣ የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። ንጉሥ አልሸለማቸውም፤ ሸክላም አልቀረጻቸውም። ሲሞቱ ያወቁት ሁሉ አብሮ ይቀበራል። ዘንድሮ ግን በየቤቱ እርሳስና ደብተር አለ። በዚህ ሳምንት ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀመጡ። የነገሯችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ። ከላይ ስማቸውን፣ አገራቸውን ጻፉ። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም። ወደ ትምህርት ቦታ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።