ጌሾዋን አታራቁቷት

አባቶቼና እናቶቼ፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጌሾ ነው። «ጌሾ ደግሞ ምኑ ይጻፋል? ከጥንት የምናውቀው አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ለበዓል ጠላ ሲጠመቅ ስንቱ ቤት ነው ጌሾ ከገበያ የሚገዛው? ጓሮው ባዶ ስለሆነ እኮ ነው። ከዶሮውና ከእንቁላሉ የተገኘው ገንዘብ ለጌሾ ይሄዳል። አምስት ስድስት እግር ጌሾ ያለው ቤት ግን ለራሱ ጠምቆ የተረፈውን ይሸጣል፤ የልጆች ደብተርም ከዚያው ይወጣል።

ጌሾ በወይና ደጋና በደጋ፣ ከ1,400 እስከ 3,200 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ይበቅላል። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ይጠቁራል። የጠቆረውን ልቀሙ። ፍሬውን በውሃ እሹና ዘሩን አጥባችሁ በጥላ አድርቁ። ብዙ ሳይቆይ መደብ ላይ ዝሩት። ችግኙን ክረምት ሲገባ፣ አንድ ክንድ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ ፍግ ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ ትከሉ። ከባሕር ዛፍ ግን አርቁት፤ ውሃውን ይቀማዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው የገበያ ቀን ሲደርስ ጌሾዋን እስከ ጫፏ ይገፍፋታል። ይሄ ልክ አይደለም። ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ነው፤ ፀሐይ እየሞቀ። ቅጠሏ ሁሉ የተወሰደባት ጌሾ ምድጃው የጠፋበት ቤት ማለት ናት። ሥሯ ውስጥ በቀረው ስንቅ እንደ ምንም ታቆጠቁጣለች። በበጋ እንደገና ከገፈፋችኋትስ? ትደርቃለች። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት አትንኳት። ከዚያ በኋላ ያረጀውን ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ በስለታም ማጭድ ቁረጡ። በእጅ አትገንጥሉ፣ ልጡ ተልጦ ይወርዳል። ቢያንስ ሲሶው ቅጠል ይቅርላት፤ እኔ ብሆን ግማሹን እተውላት ነበር።

ደግሞም ጌሾ የምትለቅመው፣ የምታደርቀው፣ የምትወቅጠው ሴቷ ናት። መቼና ስንት ይቆረጥ የሚለውንም እሷ ብትወስን ይሻላል።

ቅጠሉን ሰሌን ላይ በደንብ አድርቁ። ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ከታጨቀ ይሻግታል፣ ነጋዴውም ዋጋ ይሰብርባችኋል። እንጨቱንም አትጣሉት፤ ለጠጅ የሚፈለገው እሱ ነው።

ፊደል ቆጥራችኋልና የቆረጣችሁበትን ቀን በደብተር ጻፉ። ደብተር ከሌለ በከሰል ግድግዳ ላይ ይሁን። «ጥቅምት 12፣ በአጥሩ በኩል ያሉት ሦስት እግር ተቆረጡ» ካላችሁ ይበቃል። በሚቀጥለው ገበያ የትኛዋ እንዳገገመች፣ የትኛዋ ገና እንደሆነች ጽሑፋችሁን አይታችሁ ታውቃላችሁ።