ነቀርሳ የሚመስለው የሳንባ አለርጂ

አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የተባለው ሻጋታ በብስባሽ፣ በእርጥብ ገለባና በደንብ ሳይደርቅ በተከተተ እህል ላይ የሚያድግ ሲሆን፣ የሚራባባቸው ብናኞች ስፋታቸው ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ብቻ በመሆኑ ከትንፋሽ ጋር እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባሉ። በዳባትና በደባርቅ ደጋ እህሉ ተወቅቶ እብቁ ለነፋስ ሲሰጥ፣ ወይም በጎንደር አራዳ የቆየ እህል ሲራገፍ፣ እንዲህ ያለውን ብናኝ መተንፈስ አይቀርም፤ ጤናማ ሳንባም ያለ ችግር ያስወግደዋል።

ከሁለቱም ወላጆች በሚወረስ የዘረመል ጉድለት የሚመጣው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ግን የጨውና የውሃን ዝውውር አዛብቶ የሳንባውን ንፍጥ ስለሚያወፍረው ሻጋታው በዚያ ተይዞ ይበቅላል። የሰውነት መከላከያ ሥርዓትም ከልክ በላይ ስለሚቆጣ የአየር ቧንቧዎች ያብጣሉ፣ ውለው አድረውም ሰፍተው ይበላሻሉ። አለርጂያዊ የሳንባ አስፐርጊሎሲስ የሚባለው ይህ በሽታ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1952 በእንግሊዝ አገር ነው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስን የሚለየው የላብ ምርመራ እንደ ልብ በማይገኝበት በኢትዮጵያ ጉዳዩ ይበልጥ የሚመለከተው የአስም ሕሙማንን ነው፤ እነርሱም ለዚሁ በሽታ የተጋለጡ ናቸውና።

አደጋው የሚከፋው በሽታው የሳንባ ነቀርሳን ስለሚመስል ነው። ሳል፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ አክታና በራጅ የሚታይ ጥላ የሁለቱም ምልክቶች በመሆናቸው፣ አክታው ውስጥ ጀርሙ ሳይገኝ የነቀርሳ መድኃኒት ደጋግሞ የሚወስድ ሕመምተኛ ሳንባው እየተጎዳ ጊዜ ያልፍበታል። አለርጂውን ከነቀርሳ የሚለየው ቡናማ የንፍጥ ጓል ያለበት አክታ፣ በመድኃኒት የማይበርድ አስም፣ እንዲሁም በደም ምርመራ የሚታወቀው አይጂኢ የተባለው የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል በእጅጉ መጨመሩና ሻጋታውን ለይቶ የሚያጠቃ መሆኑ ነው።

ሕክምናው ቁጣውን የሚያበርደው ፕረድኒሶሎንና ሻጋታውን የሚቀንሰው ኢትራኮናዞል ነው። ፕረድኒሶሎን ሳይታወቅ የቆየ ነቀርሳን ሊያባብስ ስለሚችል አስቀድሞ ጂን ኤክስፐርት በተባለው የነቀርሳ ምርመራ መመርመር ይገባል፤ ሪፋምፒሲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒትም የኢትራኮናዞልን ኃይል ስለሚያዳክም ሐኪሙ የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ማወቅ አለበት። የአስም ሕመምተኛ በውቂያና በጎተራ ጠረጋ ጊዜ ከአቧራው ቢርቅ፣ ካልቻለም አፍና አፍንጫውን ቢሸፍን፣ ሐኪምም አክታው ነጻ ሆኖ ሳሉ ላልተወው ሰው የነቀርሳውን መድኃኒት ከመድገሙ በፊት የአለርጂውን ምርመራ ቢያዝ፣ ሊድን የሚችል ሳንባ ይተርፋል።